ደጋ የወጣው ማንጎ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ጥርሱን ታሞ ሥጋን በዓይኑ ብቻ ይበላ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሞቃት ቆላ ውስጥ ነገር ሁሉ ተገለባብጦ ነበር። ሚዳቋ በአንበሳ ደጅ እያዘገመች ታልፋለች። ጥንቸል እዚያው ደጁ ላይ ቆማ ልጆቿን ትቆጣለች። አንበሳ ግን ጉንጩ ቅል አህሎ አብጦ፣ አንዱ ዓይኑ በእብጠቱ ተደፍኖ፣ በቀረው ዓይኑ ምሳውና እራቱ በእግራቸው ሲያልፉ እያየ ይቆዝማል።

ነገሩ የጀመረው በጎሽ ቅልጥም ነው። ቅልጥሙን እቆረጥማለሁ ሲል የመንጋጋ ጥርሱ ተሰነጠቀ። ሕመሙ ወደ ጆሮው ወጣ፣ ከጆሮው ወደ ጎፈሩ ዞረ፣ ከጎፈሩ እስከ ጭራው ጫፍ ወረደ። ሲያገሳ የገዛ ድምፁ ጥርሱን ስለሚነቀንቀው ማግሳቱን ተወና አገሩን በሹክሹክታ ይገዛ ጀመር። የጥርስ ሐኪሙ ግንደ ቆርቁር ተጠርቶ መጣ፤ አፉ ውስጥ ገብቶ አየና፣ «ጌታዬ፣ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ እስከዚያው ለስላሳ ነገር ብቻ» ብሎ ምስጋና እንኳ ሳይጠብቅ በረረ።

ንጉሥ ጥርሱን ታመመ ከተባለ ግን ማን ይፈራዋል? ስለዚህ አንበሳ አዋጅ አስነገረ። «ጾም ይዣለሁ። ጾሜን እስክፈታ ድረስ ከፍሬ በቀር አልቀምስም።» አገሩ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይቀበልልዎ» አለ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደየጥሻው ገብቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሳያኝክ የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የበሰለ ማንጎ። ይመጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጉሮሮ እንጂ ጥርስ አይጠይቅም። የቆላ ማንጎ ግን ጠባዩ እንደ ቆላ ፀሐይ ነው፤ መምጣት ያውቅበታል፣ መቆየት አያውቅበትም። ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ያዩት ቀትር ላይ ይቀላል፤ ሲመሽ ዝንብ ይጠራል፤ ሲነጋ ራሱን በራሱ ጠላ ጠምቆ ይገኛል። ከዛፉ ሥር የወደቀውን የለቃቀሙ ዝንጀሮዎች ተደጋግፈው እየዘፈኑ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ የማን ቤት እንደሆነም ሳያውቁ ገብተው ይተኙ ነበር።

ወቅቱም ሊያልፍ ሆነ። ዛፎቹ ላይ የቀረው የመጨረሻው ጥሬ ማንጎ ብቻ ነው። እሱ ካለቀ አንበሳ ወይ በረሃብ ይሞታል፣ ወይ ሕመሙን ችሎ ሥጋ ይጀምራል። ይህን የሰሙ ሚዳቋና ጥንቸል ለማንጎው ዕድሜ ከልባቸው መጸለይ ጀመሩ።

አንበሳ እንስሳቱን ሁሉ ከዋርካው ሥር ሰበሰበና በሹክሹክታ ጠየቀ፤ «ይህን ማንጎ ሳይበሰብስ የሚያቆይልኝ ማነው?»

ሁሉም እግር እግሩን ያይ ጀመር። ያን ጊዜ ከተራራው ራስ ወርዳ የመጣች አንዲት የደጋ ቀበሮ ጭራዋን አሳምራ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ቆላ ምን ይቆያል? ቆላ ውስጥ ወሬ እንኳ ሳይነገር ይበሰብሳል። እኛ ደጋ ግን ገብስ ጉድጓድ ገብቶ የልጅ ልጅ ይበላዋል። ቅቤው አይቀልጥ፣ ሥጋው አይሸት። እኔን ይዩኝ እስቲ፤ ስንት ዓመቴ ይመስልዎታል?»

አንበሳ በአንድ ዓይኑ አያት። «ገና ልጅ ነሽ።»

«የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ብርዱ ነው ያቆየኝ። ማንጎውንም ከተራራው ራስ፣ ከውርጩ ላይ ያውጡት፤ እንደ እኔው ሳያረጅ ይቆይዎታል።»

ይህ ነገር ለቆላ ጆሮ ጣፈጠ። በሙቀት የተቃጠለ ሁሉ ብርድን መድኃኒት ያደርገዋል፤ ጥላ ደግ ከሆነ ጉም ይበልጣል፣ ጉም ደግ ከሆነ ውርጭ ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። ከዋርካው ሥር የተቀመጠው ሁሉ «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» ተባባለ። ከእነሱ ውስጥ ውርጭ ምን እንደሚመስል ያየ አልነበረም።

«ይሁን» አለ አንበሳ። «ማን ይሸከማል?»

ሸክም በተነሣ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄደው። ቡሊት የምትባል አመድማ አህያ ዳር ላይ ቆማ ሣር ስታላምጥ ነበር፤ ዝምታው ሲረዝምባት ቀና አለች፤ አገሩ በሙሉ ያያታል።

«ቡሊት፣ ለሰሞኑ የሚሆነኝ ዛፉ ላይ ይቅር፤ ሌላውን አንቺ ትጭኛለሽ፣ አንቺ ትጠብቂያለሽ፤ የቆላው ሲያልቅ አንቺ ታወርጃለሽ» አላት አንበሳ።

«ቢበላሽስ፣ ጌታዬ?»

«ቢበላሽማ ቆዳሽ ይገፈፋል። ዋስ ጥሪ።»

በዚያ አገር ያለ ዋስ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈርም። ቡሊት ወዲያ ወዲህ አየች። ባሏ አጠገቧ ነበር፤ ዋስ የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ ቁጥቋጦ አገኘና ከኋላው ገባ፤ ጆሮዎቹ ብቻ በላይ በኩል ይታያሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት ዝም ብለው አይደለም፤ ከዳኛም አያስጥልም።

በዚህ መሐል ከወደ ኋላ «እኔ ዋሷ እሆናለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞሮ ቢያይ አያ ጅቦ ነው።

አንበሳ ገረመው። «አንተ? ለአህያ? ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል?»

«በደንብ እንጂ፣ ጌታዬ። ከሕግ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።»

ለአያ ጅቦ የገባው እንዲህ ነው። ዋስ የገቡ እንስሳት ቀኑ ሲደርስ ባለዕዳውን አንገቱን አንቀው እየጎተቱ ሲሄዱ ከዋሻው አፍ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቷል። ወዴት እንደሚወስዱት ግን ተከትሎ አላየም። እሱ ቢሆን ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል።

«እንግዲያው ስሙ» አለ አንበሳ፤ «ማንጎው ቢበላሽ በቡሊት ቆዳ ላይ የዋሷም ቆዳ ይደረባል።»

አያ ጅቦ ይህን አልሰማም። የቡሊትን ጭን እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር፤ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ ድምፁ ፏፏቴ ስለሚያህል ለራሱ ሌላ ነገር አያሰማውም። ቀበሮ ግን ሰማች። ሰምታም ፈገግ አለች።

ስብሰባው ሲበተን ጅብን ወደ ዳር ጠራችው። «አያ ጅቦ፣ ላንተ ስል ነው የተናገርኩት። ማንጎ ውርጭ አይችልም። ዓምና አንዷን ሰርቄ ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ለጊዜው አረንጓዴ ሆና ታምራለች፣ ሆዷ ውስጥ ግን ሞታለች። ማንጎው ይሞታል፤ አንተ ደግሞ ዋስ ነህ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው ታውቃለህ።»

አያ ጅቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንቺስ ምን ታገኛለሽ፣ እመት ቀበሮ?»

«የወዳጄን ደስታ።»

«እንዲህ ያለ ወዳጅ እያለኝ ሳላውቅ» አለና ሊያቅፋት ሲል ዘወር አለችበት። የእሷ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። የአያ ጅቦ ዋሻ ከፍል ውሃ ጎን ነው፤ ክረምት ከበጋ እንደ ምጣድ ይሞቃል። የተራራው ብርድ ልጅ አድርጎ ያቆየኛል ያለችው ቀበሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉልበቷን ቁርጥማት ከያዛት ቆይቷል። አህያ ዋስ ስትጠራ ጅብ ዘሎ እንደሚገባ ገና ምክሩን ስትሰጥ አስባበታለች። ጅብ ቆዳው ከተገፈፈ ዋሻው ባዶ ይቀራል፤ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ቡሊት ጆንያውን ተጭና ጉዞ ጀመረች። ጆንያው ከእሷ ይሰፋል፤ ከሩቅ ያየ ማንጎ እግር አውጥቶ ተራራ ሊወጣ ነው ይላል። አያ ጅቦም ዋስ ነኝና ከባለዕዳዬ አልለይም ብሎ ከኋላዋ ተከተለ። መንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያየው፤ እሱም የቡሊት የኋላ እግር ነው።

ወይና ደጋው ላይ ሲደርሱ ከአንድ ወራጅ ውሃ አጠገብ፣ ሾላ ዛፍ ያጠላበት ዋሻ አገኙ። ቡሊት ለማረፍ ስትጠጋ ጆንያው ከዋሻው አለት ጋር ተፋተገና ጥግ ላይ ተቀደደ። ጥቂት ማንጎዎች ተንከባለው ወደ ውስጥ ገቡ። እሷ ከጀርባዋ ነውና አላየችም። አያ ጅቦ አይቷል፤ ግን ማንጎ ምን አገባው? ትንሽ ቆይታ ቀዳዳውን ስታገኝ በሐረግ ቋጠረችውና ሽቅብ ቀጠሉ።

ከደጋውም አልፈው ጅብራ የሚባለው የውርጭ ተክል ብቻ የሚበቅልበት የተራራው ራስ ላይ ወጡ። ብርዱ ብርድ እንዳይመስላችሁ። የአያ ጅቦ ምራቅ ከአፉ ሳይወርድ ይደርቅና እንደ ነጭ ጢም ይንጠለጠላል፤ ሲያስነጥስ ጢሙ ይሰበራል፣ ወዲያው ሌላ ያበቅላል። ቡሊት ከአንድ አለት ሥር ጓሳ ሣር ጎዝጉዛ ማንጎውን ከመረችው። በየመሐሉም ጓሳ ጠቀጠቀች። ላይ ላዩን ልትሸፍን ስትል ግን ሣሩ አለቀባት፤ የላይኛው ተራቁቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ማንጎ ሲጠብቁ ሰነበቱ። አያ ጅቦ በየጠዋቱ ይጠይቃል።

«እመት ቡሊት፣ ማንጎው እንደምን አደረ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«ጨርሶ አልሸተተም?»

«ምንም።»

«እስቲ ደግመሽ አሽትቺው። ጉንፋን ይዞሽ እንዳይሆን።»

«አያ ጅቦ፣ ለኔ ብለህ እንዲህ መጨነቅህ ደግ ነው። እናት እንኳ ለልጇ አትጨነቅም።»

«እጨነቃለሁ እንጂ። እህል አልቀመስኩም» ይላታል፤ ይኸኛው እውነት ነበር።

ማንጎው አረንጓዴ እንደሆነ፣ እንደ ጠጠር እንደጠጠረ፣ በውርጩ ላይ እያብለጨለጨ ነበር። አያ ጅቦ ተስፋ ቆርጦ ቀበሮዋ ዘንድ ሄደና፣ «አታለልሽኝ፤ ከእኔ ይልቅ ማንጎው ወፍሯል» አላት። እሷም በጉድጓዷ ውስጥ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ታገሥ። ብርድ የመታው ነገር ብርድ ውስጥ እያለ አያስታውቅም፤ ሙቀት ሲያገኝ ነው ጉዱ የሚወጣው» አለችው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ቁራ ከቆላ መጣ። «ጌታ አንበሳ የቆላው ማንጎ ሊያልቅበት ነው። ለቅምሻ ጥቂት አውርጂልኝ ብሏል። ሆዱ ሲጮህ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል፤ ያለፈው ማታ ነጎድጓድ መስሏቸው ከብት ያስገቡም አሉ» ብሎ ተመልሶ በረረ።

ቡሊት ከክምሩ አናት ላይ ጥቂቱን አነሣች፣ በትንሽ ከረጢት አነገተችና ቁልቁል ወረደች። አያ ጅቦ ክምሩን ልጠብቅ ብሎ ቀረ፤ እሷ ስትወጣ ስትወርድ መክሳቷ ብቻ አሳስቦታል። ቀኑ ሲገባደድ ከዚያው ከወይና ደጋው ዋሻ ደረሰችና አደረች።

ሲነጋ ከረጢቱን ከፈተች። ትናንት እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ የነበረው ማንጎ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ጎደጉዶ፣ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ቦታ ቦታውን ላሽቋል። አንዱን ገመጠችው። አይጣፍጥም፣ አይጎመዝዝም፤ የራሰ እንጨት ነው። ሳይበስል ነው የበሰበሰው። ይህን ለአንበሳ ከወሰደች የቆዳዋ ነገር አለቀ።

ተቀምጣ ስታለቅስ አፍንጫዋ ግን ሌላ ነገር ይነግራታል። ከዋሻው ውስጥ ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ሽታውን ተከትላ ብትገባ፣ ጥጉ ላይ ጥቂት ማንጎዎች ተኝተዋል፤ ጉንጫቸው ገና ብጫ መምታት ጀምሯል፤ ስትነካቸው ጠንከር ብለው ትንሽ እሺ ይላሉ። ማን አመጣቸው ብላ ግራ ገባት። ኋላ የተቀደደው ጆንያ ትዝ አላት።

«እናንተ የእነዚያው እህቶች ናችሁ» አለቻቸው። «ከአንድ ዛፍ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጆንያ ነው የወጣችሁት። ቆላ ብትቀሩ ይሄን ጊዜ ዝንጀሮ ሰክሮባችሁ ነበር። ሽቅብ ብትወጡ ደግሞ እንደ እህቶቻችሁ ፈንጣጣ ይበላችሁ ነበር። እዚህ ግን ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ በሰላም ትበስላላችሁ።» አንዲቷን ቀመሰች። ከዚያ ወዲያ እንባዋን የጠረገችበትን ጊዜ አላስታወሰችውም፤ እየሮጠች ተራራውን ትወጣ ነበር።

ክምሩን ገልጣ አየች። የላይኛው ተመትቷል። ከጓሳው መሐል የነበረው ግን ገና ደህና ነው፤ ሣሩ ውርጩን ከልክሎለታል። ቀና ስትል ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድ ዳመና የለም። ሰማይ የጠራ ዕለት ውርጭ እንደሚበረታ ታውቃለች፤ ደህናውን ሁሉ ፀሐይ ሳይጠልቅ ማውረድ አለባት። የቀረው ደግሞ ለአንድ ጀርባ ይበዛል፣ ተመላልሳ ለማውረድም ጊዜ የለም። ሌላ ጀርባ ያስፈልጋል። ዙሪያውን ብታይ በተራራው ላይ ያለው ሌላ ጀርባ የአያ ጅቦ ብቻ ነው።

«አያ ጅቦ» አለችው፤ «ማንጎው ሊሞት ነው።»

አያ ጅቦ ፊቱን ለማሳዘን ሞከረ፤ ጭራው ግን አላዘነም። «ምን ይደረግ፣ እመት ቡሊት። ለሁሉም ጊዜ አለው።»

«ለራሴስ ግድ የለኝም፤ ብዙ ተሸክሜያለሁ። እኔን ያሳዘነኝ የአንተ ነገር ነው።»

«የእኔ ምን?»

«ዋሴ አይደለህ?»

«ነኝ። ስለዚህ አንቺን እረከባለሁ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«የታወቀ ነው እንጂ። ዋስ ባለዕዳውን አንገቱን ይዞ ይሄዳል።»

«መሄዱንስ ይሄዳል። ወዴት ነው የሚሄደው?»

አያ ጅቦ አሰበ። «ወደ... ወደ ምሳው።»

«ወደ ዳኛ ነው፣ አያ ጅቦ። ወስዶ ያስረክባል፤ ባለዕዳው የጎደለበትን ራሱ ይከፍላል። ጌታ አንበሳ በቡሊት ቆዳ ላይ የዋሷም ይደረባል አላለም?»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ዋርካው ሰምቷል።»

ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ራሱን ያመው ጀመር። «የእኔን ቆዳ ምን ያደርጉታል? ይሸታል እኮ።»

«ዘመዶችህ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልን ይሉ የለ? አሁን ቁርበቱ አንተው ልትሆን ነው።»

«እመት ቀበሮ ይህን ሰምታ ነበር?»

«አጠገብህ ነበረች፤ ጆሮዋንም አይተኸዋል። ለመሆኑ አንተ ብትሞት ዋሻህን ማን ይወርሳል?»

ይኼኔ አያ ጅቦ አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ሰሞን ቀበሮ ዋሻው ድረስ መጥታ ርዝመቱን በጭራዋ ስትለካ አይቷታል፤ ምንጣፍ ልታመጣልኝ ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ጀርባውን ወደ ቡሊት አዞረ።

«በይ ጫኚኝ» አለ።

ይህን ቃል ለአህያ የተናገረ ጅብ ከእሱ በፊትም አልነበረ፣ ከእሱ በኋላም አልተሰማ። የጅብ ጀርባ ግን ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነውና ጭነቱ እየተንሸራተተ ጭራው ላይ ይሄዳል። ቡሊት ደረቱን በሐረግ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«እመት ቡሊት፣ ጠበቀ። መተንፈስ አቃተኝ።»

«እኛ ስንጫን ማን ጠየቀን? መጭ።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ እግሬ ተንሸራተተ።»

«መጭ ብያለሁ።» አፏ ላይ እንዴት እንደጣፈጣት አይጠየቅም፤ ዕድሜ ልኳን ከኋላዋ ስትሰማው የኖረች ቃል ናት።

የተመታውን እዚያው ትተው ደህናውን ተሸክመው ከወይና ደጋው ዋሻ ደረሱ። አያ ጅቦ ምላሱ መሬት እየጠረገ፣ «በቃ፣ አሁን እስከ አንበሳ ደጅ እናድርሰውና ልገላገል» አለ።

«ሁሉንም ቆላ ካወረድነው ባንድ ጊዜ ይበስላል፣ ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ጌታ አንበሳ አንድ ሆድ ነው ያለው። እዚህ ይቀመጥ። የደረሰውን እየመረጥን እናወርድለታለን።»

«እዚህ እኮ አይሞቅም፣ አይበርድም።»

«እኮ» አለች ቡሊት፤ ማንጎውንም ሳትከምር፣ እንዳይተፋፈን በየጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ዘረጋችው።

ቀበሮ ደግሞ በማግሥቱ ጉድጓዷን ለቃ ወጣችና ክምሩን ልታይ ሄደች። ያገኘችው የጠቆረውን ብቻ ነው። ጠባቂዋም ዋሱም የሉም። ሸሹ ማለት ነው ብላ ደስታዋ ጣሪያ ነካ። ከጠቆረው አንዱን በአፏ ነክሳ፣ ከአለት አለት እየዘለለች ቁልቁል ወረደችና ከአንበሳ ፊት ጣለችው። ማንጎው የቆላውን ሙቀት ሲያገኝ እንደ ጭቃ ተዘረጠጠ።

«ጌታዬ፣ አፌ ይቆረጥ፣ ማንጎው ሞቷል። አህያዋም ዋሷም ጠፍተዋል። በተለይ ዋሱን አይልቀቁት።»

አንበሳ የቆላው ማንጎ አልቆበት ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም። ጥርሱን ረስቶ አገሳ፤ ወዲያው ጥርሱ አስታወሰውና በሹክሹክታ ጨረሰው፤ «ቆዳቸውን አምጡልኝ።»

«ቆዳችን እየመጣ ነው፣ ጌታዬ» የሚል ድምፅ ከበስተኋላ ተሰማ።

እንስሳቱ ዞረው ሲያዩ ቡሊት ባዶ ጀርባዋን እያወዛወዘች ከፊት ትመጣለች። ከኋላዋ አያ ጅቦ ጆንያ ተጭኖ፣ ደረቱ በሐረግ ታስሮ፣ ያነክሳል። ጥንቸል ከሳቋ ብዛት ጀርባዋ ላይ ወደቀች። ቡሊት ጆንያውን ፈትታ አንዲት ብጫ ማንጎ ለአንበሳ አቀረበችለት። ሽታው ብቻውን ያበጠውን ጉንጭ ያጎደለ መሰለ።

አንበሳ መጠጠ። ጭማቂው በጎፈሩ ላይ ወረደ። አገሩ ሁሉ አፍ አፉን ያያል። ፍሬውን አጥንት እስኪመስል ድረስ መጥጦ ጨረሰና፣ «ሌላ አለ?» አለ።

«ጆንያው ውስጥ ያለው ዛሬ የደረሰው ነው፣ ጌታዬ። የቀረው ከወይና ደጋው ዋሻ ውስጥ ተኝቷል፤ በየተራው እየበሰለ ይመጣል።»

ቀበሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት ሄደች። «እንዲያ አላልኩም፣ ጌታዬ? ብርድ ያቆያል ብዬ የመከርኩ እኔ ነኝ። እነሱማ ዘንግተውት ነው እንጂ...»

«እመት ቀበሮ እውነቷን ነው፣ መክራለች» አለች ቡሊት። «የእሷ ምክር ያቆየው ይኸው ጌታዬ እግር ሥር ያለው ነው። ራሷ ናት ተሸክማ ያመጣችው።»

አንበሳ በአንድ ዓይኑ የተዘረጠጠውን ማንጎ አየ፤ በዚያው ዓይኑ ቀበሮን አየ። «ቅመሽው» አላት።

«እኔ እንኳ ጾም...»

«ጾሙ የፍሬ ነው። ቅመሽው። ከተራራው ላይ የቀረውንም በምክርሽ የቆየ ነውና አንቺው ጨርሺው። ቁራ ይቆጣጠራል።»

ቀበሮ ቀመሰች። ፊቷ ሲጨማደድ፣ ብርድ ያቆየላት ልጅነት ሁሉ ባንድ ጉርሻ አለቀ።

አያ ጅቦም ሐረጉን ፈትቶ ወደ ፊት ወጣ። ደፈር ብሏል። «ጌታዬ፣ እኔ ለማንጎው ስል ጀርባዬን አጥቻለሁ። ዋስነቴን ተወጥቻለሁ። እንግዲህ ስለ ድካሜ ቡሊትን ይስጡኝ። ሙሉዋን አልልም፤ አንድ የኋላ እግር ይበቃኛል።»

ቡሊት ጆሮዋ ቆመ። ሣር የሚያላምጥ ሁሉ ማላመጡን ተወ። አንበሳ ጆንያውን አየ፣ ጉንጩን ዳሰሰና፣

«ዋስነትህ መቼ አለቀ?» አለው። «ማንጎው እስኪያልቅና ጥርሴ... ጾሜ እስኪፈታ ድረስ ዋስ ነህ። መንገዱን የምታውቅ፣ የደረሰውን የምትመርጥ ቡሊት ናት። እሷ አንድ እግር ከጎደላት ማንጎው አይወርድም። ማንጎው ካልወረደ እኔ የምፈልገውን ታውቃለህ። እሷን ጅብ እንዳይበላት አደራ።»

«የትኛው ጅብ?» አለ አያ ጅቦ።

«ማንኛውም ጅብ።»

ከዚያ ወዲያ ቡሊት ከወይና ደጋው ዋሻ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ዋሻው ስትመላለስ አያ ጅቦ ከኋላ ከኋላዋ አይለይም። ከጥሻው ውስጥ ሌላ ጅብ ብቅ ካለ ጥርሱን ያሳይና፣ «ወዲያ በል፣ ዋሷ ነኝ» ይለዋል። እሾህ ቢወጋት ይነቅልላታል፤ አቀበቱ ላይ ቢደክማት ይገፋታል። ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል፤ ከዓይኑ ሥር የሚወዛወዘውን ያን የሰባ የኋላ እግሯን እያየ ምራቁን ይውጣል፤ የምራቁንም ድምፅ የሰማ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ተራራ ላይ ሁለተኛ ፏፏቴ አለ ብሎ ለአገሩ ያወራል።

ከዚህ የምንማረው፣ የቆላን ፍሬ ከቆላ ቃጠሎም ከደጋ ውርጭም አርቆ በልኩ ያኖረ ቀስ ብሎ ሲበላ እንደሚከርም፣ በሌላው ጥፋት ልጥገብ ብሎ ዋስ የገባ ግን ምሳውን ራሱ ሲጠብቅ እንደሚኖር ነው።